የማያውቀውን የሚመሰክር ድራይቨር

ፋይሉ አለ። ስሙ፣ መጠኑ፣ ቦታው ሁሉ እንደነበረ ነው። ውስጡ ካለው ጽሑፍ አንድ ፊደል አልጎደለም። የጠፋው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ማን ሊከፍተው እንደማይገባ የሚናገረው መስመር።

ያጠፋው እኔ የጻፍኩት ድራይቨር ነው፤ ድራይቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከዲስክ ወይም ከሌላ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው። ያኔ እሠራበት የነበረው ቦታ አንድ የጋራ ፋይል ማከማቻ ነበረን። ፋይሎቹ የተቀመጡት በዊንዶውስ ደንብ ነው። ግማሾቻችን ደግሞ የምንሠራው ሊነክስ ላይ ነበር። ስለዚህ ማከማቻውን ሊነክስ ላይ እንደ ተራ ዲስክ የሚያሳይ የፋይል ሲስተም ድራይቨር እንድጽፍ ተሰጠኝ። ማንበብና መጻፉን ለሳምንታት ለፋሁበት። ፈቃዱን ግን ግማሽ ቀን እንኳ አልሰጠሁትም። ቀላል መስሎኝ ነበር። ከዚያኛው አንብቤ እዚህ አሳያለሁ፣ በቃ።

አንድ ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሊነክስ ላይ ሆና አንድ ሠንጠረዥ ከፈተች። አንድ ቁጥር አስተካከለች፤ ሴቭ አደረገች። በማግስቱ ፋይሉን ማየት የሌለባቸው ሰዎች አዩት። ተንኮል ያሰበ ሰው አልነበረም። በሩ ክፍት ሆኖ አገኙት፤ ገቡ።

የሆነው እንዲህ ነው። ፋይሉ ላይ ሠራተኞች በሙሉ እንዲያነቡት ተፈቅዷል። ከሠራተኞቹ መሃል ግን በጊዜያዊነት የገቡት እንዳያዩት የሚል ክልከላ አብሮ ተጽፏል። ድራይቨሬ ይህን ወደ ሊነክስ ሲተረጉም ክልከላውን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣና ጣለው። ኤዲተሩ ሴቭ ሲያደርግ ያየውን ፈቃድ መልሶ ሰጠው። ድራይቨሬም ከተሰጠው አዲስ ዝርዝር ሠራና በአሮጌው ላይ ጻፈበት። ፈቃድ ልቀይር ያለ ሰው በመካከሉ የለም። ባልደረባዬ የነካችው አንድ ቁጥር ነው።

ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የሚባለውን ነገር በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። የፋይል ፈቃድ አንድ ሰው ለሌላ ሰው የገባው ቃል ነው። "ይህን ከእነ እገሌ በቀር ማንም አያየውም" የሚል ቃል። ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ያንን ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ያሻግራል። ሁለቱ ቋንቋዎች ደግሞ ሆድና ጀርባ ናቸው።

ሊነክስ በሚመደብበት በዩኒክስ ወገን ያለው ዘዴ በጣም አጭር ነው። ዘጠኝ ቢቶች፤ ቢት አዎ ወይም አይ የሚል አንድ ምልክት ነው። ለባለቤቱ ሦስት፣ ለግሩፑ ሦስት፣ ለሌላው ሰው ሁሉ ሦስት። ሦስቱም ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ፣ ማለትም እንደ ፕሮግራም ማስጀመር፣ ናቸው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ለእያንዳንዱ ወገን ይደመራል፤ የሚወጣው ቁጥር ሞድ ይባላል። 644 ሲባል ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፤ የቀረው ያነባል ብቻ። ከነዚህ በላይ ለልዩ ጉዳይ የሚሆኑ ሦስት ቢቶች አሉ፤ ዛሬ አልነካቸውም። ዘዴው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሳይለወጥ የቆየው አጭር ስለሆነ ይመስለኛል። አንድ ሰው በቃሉ ሊይዘው ይችላል።

ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው። አንድ ፕሮግራም ስለ ፋይል ማወቅ ሲፈልግ ስታት የሚባለውን ጥሪ ይጠራል። ስታት መልሱን የሚያመጣው ቀድሞ በተሰናዳ ቅጽ ላይ ነው፤ ባለቤት፣ ግሩፕ፣ ሞድ። ቅጹ ላይ "አላውቅም" የሚባል ሳጥን የለም። ባዶ መተውም አይቻልም፤ ዜሮ ራሱ መልስ ነው። ባለቤቱ ዜሮ ከሆነ ሩት፣ ሁሉን የሚችለው የሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ማለት ነው። ሞዱ ዜሮ ከሆነ ማንም አይንካው ማለት ነው። እንግዲህ ድራይቨሩ ስለማያውቀው ነገር መመስከር ግዴታው ይሆናል። ፈቃድ ላይ የሚነሳ ጣጣ ሁሉ ምንጩ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ በደንብ የሚታየው ተራ ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሾች ላይ የተለመደው፣ ፋት የሚባለው የፋይል አቀማመጥ ዘዴ የተወለደው ማሽኑ የአንድ ሰው በነበረበት ዘመን ነው። እያንዳንዱ ፋይል አንድ ባይት ባሕርይ አለው፤ የማይጻፍበት፣ የተደበቀ፣ የሲስተም፣ አርካይቭ እና የመሳሰሉት። ባለቤት የሚባል ነገር አያውቅም። ሊነክስ ግን ባለቤት ይጠይቃል። ስለዚህ የፋት ድራይቨሩ መልሱን ከዲስኩ ሳይሆን ዲስኩን ማውንት ካደረገው፣ ማለትም ከሲስተሙ ጋር ካያያዘው፣ ሰው ይወስዳል። ባለቤቱ እገሌ ነው በል፤ ሞዱ ይህን ያህል ነው በል ይባላል። እሱም ለሁሉም ፋይል ያንኑ ይደግማል። ፎቶዎችህ ሁሉ የሚሄዱ ፕሮግራሞች መስለው የሚታዩት ለዚህ ነው።

ተርሚናል ያለው አንባቢ ይህን ይሞክር። ፍላሽ ላይ ያለ አንድ ፋይል ይምረጥና ሞዱን ወደ 600 ይቀይር። ሊነክስ ላይ ችሞድ፣ ሞድ የሚቀይረው ትእዛዝ፣ ምንም ሳይል ይመለሳል። ኢረር የለም። ከዚያ ፋይሉን ዘርዝሮ ይየው። ሞዱ እንደነበረ ነው። ድራይቨሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ "እሺ" ብሏል። የከርነሉን፣ የሲስተሙን እምብርት፣ ኮድ ከፍቼ ሳየው እዚያው ቦታ ላይ ኮሜንት አለ። ነገሩ ግራ የሚያጋባ መሆኑን፣ ነገር ግን በጣም የቆየ ልማድ ስለሆነ እንደተተወ ይናገራል። ባለቤቱን ልቀይር ብትል ግን እምቢ ይላል። ያንንም ዝም ብሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ ስሙ "ኳየት" ነው፤ ዝም በል እንደማለት።

ለምን እንዲህ እንደተደረገ ይገባኛል። ፋይል የሚገለብጡ ፕሮግራሞች ከገለበጡ በኋላ ፈቃዱንም ልውሰድ ይላሉ። እምቢ ከተባሉ ለእያንዳንዱ ፋይል ኢረር ይጽፋሉ። አንዳንዱ ጭራሽ ሥራውን ያቆማል። ሰውየው የፈለገው ፎቶዎቹን ወደ ፍላሽ ማዛወር ብቻ ነው። ለእሱ ዝምታው ደግነት ነው።

ግን ያው ዝምታ ሌላውን ሰው ይጎዳል። ኤስኤስኤች ወደ ሌላ ማሽን ከርቀት የሚያስገባ ፕሮግራም ነው። የኤስኤስኤች የግል ቁልፍህን ፍላሽ ላይ አስቀምጠሃል እንበል። ኤስኤስኤች ቁልፉን ከመጠቀሙ በፊት ሞዱን ያያል። ከባለቤቱ ሌላ አንድ ሰው እንኳ ሊያነበው ከቻለ አልጠቀምበትም ይላል። አንተ 600 አድርገሃል፤ ችሞድም እሺ ብሎሃል። ኤስኤስኤች ግን የሰማውን ትቶ ራሱ ሄዶ ያያል። ያገኘው 755 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተቀምጦ ሰዓታት አቃጥሏል። "ቀይሬዋለሁ እኮ" ይላል። ልክ ነው፤ ቀይር ብሏል። የዋሸው ሌላ ነው።

የኤስኤስኤችን ጥንቃቄ እወደዋለሁ። የተባለውን ሳይሆን ያለውን ይጠይቃል።

ፎልደር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፋት ላይ "የማይጻፍበት" የሚለው ምልክት ፎልደርም ላይ ሊደረግ ይችላል። ይሁንና ዊንዶውስ በዚያ ምልክት የተነሳ ፎልደሩ ውስጥ መጻፍን አይከለክልም። ፕሮግራሞች ፎልደሩ የተለየ መልክ ወይም አይከን እንዳለው ለመጠቆም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ የሊነክሱ ድራይቨር ፎልደር ላይ ሲያየው በነባሪው ችላ ይለዋል። ያው ቢት ፋይል ላይ ክልከላ ነው፤ ፎልደር ላይ ጌጥ ነው። ስሙን ብቻ አይቶ የሚተረጉም ሰው እዚህ ይወድቃል።

ሳምባ የሚባለው ፋይል የሚያካፍል ፕሮግራም ላይ ያለውም ይገርመኛል። የዩኒክስ ሰርቨር ለዊንዶውስ ሰዎች ፋይል ሲያካፍል የአርካይቭን ምልክት የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ለባለቤቱ በተመደበችው የማስኬድ ቢት ውስጥ አስቀመጠው። የሲስተሙን ምልክት በግሩፑ፣ የድብቁን በሌሎች ማስኬጃ ቢት እንዲያስቀምጥም ማዘዝ ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ተራ ሰነድ ሊነክስ ላይ የሚሄድ ፕሮግራም መስሎ ሲታይ አይታችሁ ከሆነ መነሻው ይህ ሊሆን ይችላል። በኋላ ባሕርያቱን በተጨማሪ ባሕርይ መልክ ከፋይሉ ጎን ማስቀመጥ ተጀመረ። ያ ይሻላል። የሰው ቤት ውስጥ ዕቃ ከማስቀመጥ የራስን ሳጥን ይዞ መሄድ።

ከጎን ማስቀመጥን ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሊነክስም ተጠቅሞበታል። ደብሊውኤስኤል የዊንዶውስን ዲስክ ለሊነክስ ፕሮግራሞች ሲያሳይ ፋይሎቹ ሁሉ 777 ሆነው ይታዩ ነበር። ከ2018 ጀምሮ ሜታዴታ የሚባል ምርጫ መጣ። ያን ስትከፍት ባለቤቱ፣ ግሩፑና ሞዱ ከፋይሉ ጋር ለብቻቸው ይጻፋሉ። ዊንዶውስ አያያቸውም። ሊነክስ ግን ያስቀመጠውን መልሶ ያገኛል። ችሞድም እውነት ይሆናል።

እውነትነቱ ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሊነክስ በኩል 600 ያልከው ፋይል ዊንዶውስ በኩል ማንም ሲከፍተው ሊከፈት ይችላል። ዊንዶውስ የሚያየው የራሱን ዝርዝር ነውና። ማስታወስ ማስከበር አይደለም። ይህን ልዩነት ተጠቃሚው ካላወቀው ፋይሉ የተቆለፈ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

ዊንዶውስ ኤንቲ ከ1993 ጀምሮ ይዞት የመጣው ዘዴ ዘጠኝ ቢት አይደለም። ዝርዝር ነው። ኤሲኤል ይባላል። እያንዳንዱ መስመር "ለእገሌ ይህ ይፈቀድ" ወይም "ለእገሌ ይህ ይከልከል" ይላል። እገሌ ሰው ወይም ግሩፕ ሊሆን ይችላል። መስመሮቹ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። መብቶቹም ሦስት ብቻ አይደሉም። መጻፍ ራሱ ይበታተናል፤ ውስጡን መጻፍ፣ መጨረሻው ላይ መጨመር፣ ባሕርዩን መቀየር፣ መሰረዝ፣ ዝርዝሩን መለወጥ፣ ባለቤትነትን መውሰድ።

መስመር መብዛቱ ሰውን ያስፈራል እንጂ ዋናው ልዩነት እሱ አይደለም። ጉዱ ያለው ሁለቱ ፈቃድን የሚያሰሉበት መንገድ ላይ ነው። ዩኒክስ መጀመሪያ "አንተ ማነህ?" ይላል። ባለቤቱ ከሆንክ የባለቤቱን ሦስት ቢቶች ብቻ ያያል። የቀሩትን አያነባቸውም። ስለዚህ ሞዱ 077 ከሆነ ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ ፋይል ለባለቤቱ ዝግ ነው። ዊንዶውስ ግን ይደምራል። በራስህ ስም ያገኘኸው፣ በግሩፕህ ያገኘኸው፣ "ሁሉም ሰው" በሚለው ያገኘኸው ይጠራቀማል። የሚቀነሰው ክልከላ ሲኖር ብቻ ነው።

705ን ከቅርብ እንየው። ባለቤቱ ሁሉንም ያደርጋል። ግሩፑ ምንም። የቀረው ዓለም ያነባል፣ ያስኬዳል። እንግዳ ሞድ ይመስላል፤ ግን "ከእነዚህ ሰዎች በቀር ሁሉም ያንብበው" ማለት የፈለገ ሰው የሚጠቀምበት ነው። ወደ ዊንዶውስ ስንወስደው "ሁሉም ሰው ያንብብ" የምትለዋ መስመር የግሩፑንም ሰዎች ታስገባለች። ስለዚህ ለግሩፑ የክልከላ መስመር ያስፈልጋል።

ዊንዶውስ ውስጥ የዝርዝሩ የተለመደ ቅደም ተከተል አለ። ክልከላዎች መጀመሪያ፣ ፈቃዶች ቀጥሎ። እንዲያ ብናደርግ የግሩፑ ክልከላ አናት ላይ ይቀመጣል። ባለቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የግሩፑ አባል ነው። የራሱን ፋይል ሊከፍት ይመጣል፤ የመጀመሪያው መስመር ይመልሰዋል። 7 የነበረው ሰው ማንበብ አቃተው።

መፍትሔው የባለቤቱን ፈቃድ ከክልከላው በፊት ማስቀደም ነው። የዊንዶውስ ከርነል መስመሮቹን በተራ ስለሚያነብ ይሠራል። ሆኖም ቅደም ተከተሉ ከተለመደው ወጣ። አንድ ሰው የፋይሉን ሴኩሪቲ ገጽ ሲከፍት ዊንዶውስ "የፈቃዶቹ አደራደር ትክክል አይደለም" ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ላስተካክለው ወይ ይለዋል። ሰውየው ደግ ነገር የሠራ መስሎት እሺ ይላል። በዚያች ጠቅታ የፋይሉ ባለቤት ከራሱ ፋይል ይባረራል። ዊንዶውስ ላይ የዩኒክስን ዓለም የሚያስመስለው ሲግዊንም ከዚሁ ጋር ተጋፍጧል።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ቢት 512 ሞድ ይሰጣል። ባለቤቱ የግሩፑ አባል ከሆነ፣ ያለ ምንም ክልከላ መስመር ወደ ዊንዶውስ የሚሻገሩት 64 ብቻ ናቸው። ከባለቤት ወደ ግሩፕ፣ ከግሩፕ ወደ ሌሎች መብቱ እየጠበበ የሚሄድባቸው። ደግነቱ 644፣ 755፣ 600፣ 640፣ 750 ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ሰው በየቀኑ የሚጠቀምባቸው እነዚህ ናቸው። 169ኙ ግን በተለመደው ቅደም ተከተል ፈጽሞ ሊጻፉ አይችሉም። ለባለቤቱ የተፈቀደ፣ ለግሩፑ የተከለከለ፣ ለዓለም የተፈቀደ ነገር ያለባቸው ናቸው። ይህን ቁጥር ካገኘሁ በኋላ ቀለል አለኝ። ችግሩ የእኔ ኮድ ስንፍና አለመሆኑ ታየኝ። ሁለቱ ቋንቋዎች በእነዚያ 169 ቦታዎች ላይ በአንድ ጊዜ እውነትም ሥርዓትም አይሰጡም። እኔ እውነቱን መረጥኩ። ቅደም ተከተሉ ይፍረስ፤ ባለቤቱ ግን ፋይሉን ይክፈት።

ክልከላ መጻፍ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ለግሩፑ መጻፍን ልከለክል ብዬ ዊንዶውስ ለመጻፍ ያዘጋጀውን ጥቅል መብት እንዳለ ክልከላው ውስጥ ከተትኩት። ግሩፑ ማንበብም አቃተው። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ያ ጥቅል ውስጥ ከመጻፍ መብቶች ጋር የፈቃድ ዝርዝሩን የማየትና በፋይሉ ላይ የተጀመረ ሥራ እስኪያልቅ የመጠባበቅ መብቶች አብረው አሉ። እነዚህን ሁለቱን የማንበቢያው ጥቅልም ይዟቸዋል። ፈቃድ ስትሰጥ ጥቅሉ ይመቻል። ስትከለክል ግን ሁለቱ ጥቅሎች የሚጋሩትን ነገር አብረህ ትነጥቃለህ። ከዚያ ወዲህ ክልከላ ስጽፍ መብቶቹን አንድ በአንድ እለቅማለሁ።

በዝርዝር አለመኖርና በባዶ ዝርዝር መካከል ያለውንም ልብ በሉ። ዊንዶውስ ላይ ዝርዝሩ ጭራሽ ከሌለ ፋይሉ ለሁሉም ክፍት ነው። ዝርዝሩ ኖሮ አንድም መስመር ከሌለበት ለማንም ዝግ ነው። ኮድ ላይ ሲታዩ ሁለቱም "ምንም የለም" ይመስላሉ። አንዱን በሌላው መቀየር የቤቱን በር ነቅሎ ከመውሰድና በግንብ ከመድፈን የሚለይ አይደለም።

መሰረዝ ላይም አይስማሙም። ዩኒክስ ላይ ፋይል ለመሰረዝ የሚጠየቀው የፎልደሩ ፈቃድ ነው፤ ፋይሉ አይጻፍበት ቢልም ይሰረዛል። ዊንዶውስ ላይ "የማይጻፍበት" ምልክት ያለው ፋይል በተለመደው መንገድ አይሰረዝም። ጊት የሚባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም ይህን ለብዙ ሰው አስተምሯል። ጊት ውስጡ የሚያስቀምጣቸውን ዕቃዎች 444 አድርጎ ነው የሚጽፋቸው። ሊነክስ ላይ ፎልደሩን በአንድ ትእዛዝ ታጠፋዋለህ። ዊንዶውስ ላይ ያው የማጥፊያ ፕሮግራም ሲሄድ "መዳረሻ ተከልክሏል" ይልሃል። ሰው የራሱን ፎልደር ማጥፋት አቅቶት ግራ ይጋባል።

ጊትን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገሩን ላመስግን። ለተራ ፋይል ጊት የሚያስታውሰው ሞድ ሁለት ብቻ ነው፤ 644 እና 755። የሚሄድ ነው ወይስ አይደለም፤ በቃ። ባለቤት አያስታውስም። ግሩፕ አያስታውስም። ማስኬጃ ቢት በማያስቀምጥ ዲስክ ላይ ሲሆን ደግሞ ያቺኑም ከዲስኩ እንዳያነብ የሚያደርግ ሴቲንግ አለው። ማስታወስ የማይችለውን አስታውሳለሁ አላለም። ብዙ ድራይቨር ጸሐፊ ከዚህ ሊማር ይችላል፤ እኔም ተምሬበታለሁ።

ሞዱን ብንስማማበት እንኳ "ባለቤቱ ማነው?" የሚለው ይቀራል። ዩኒክስ ዲስኩ ላይ የሚጽፈው ስም አይደለም፤ ቁጥር ነው። ብዙ የሊነክስ ሲስተሞች የመጀመሪያውን ሰው 1000 ይሉታል። ማክ 501 ይለዋል። ዲስክህን ነቅለህ ሌላ ሰው ማሽን ላይ ስትሰካው 1000 የሚባለው ያ ሰው ነው። የግል ፋይሎችህ የእሱ ሆነው ይጠብቁታል። ዲስኩ አንድም ስህተት አልሠራም። የተጻፈበትን ቁጥር ነው ያነበበው።

ዊንዶውስ ላይ እያንዳንዱ ሰው ረጅም መለያ አለው፤ የማሽኑን ወይም የዶሜኑን፣ የድርጅቱን የማሽኖች ስብስብ፣ ቁጥር ይዞ የሚሄድ። ዲስኩን ወደ ሌላ ማሽን ስትወስደው ባለቤቱ "የማይታወቅ አካውንት" ተብሎ በረጅሙ ቁጥር ይታያል። ሰዎች ይህን ሲያዩ ይናደዳሉ። እኔ ግን ከሁለቱ ይኼኛው ይሻለኛል። ያለማወቅን በግልጽ ይናገራል። ስታት ላይ የጎደለችው "አላውቅም" የምትል ሳጥን እዚህ አለች። ሊነክስም በ2021 በወጣው 5.12 ከርነል ላይ ማውንት ሲደረግ ቁጥሮቹን ማዛመድ የሚያስችል ዘዴ ጨምሯል። የዚያ ማሽን 1000 እዚህ 1004 ነው ማለት ይቻላል። ማን ማን እንደሆነ ለመንገር ግን አሁንም ሰው ያስፈልጋል።

ያቺን የጠፋች መስመር ካጠፋሁ በኋላ ድራይቨሩን እንደገና ጻፍኩት። ዋናው ለውጥ ትንሽ ነበር። ዋናውን ዝርዝር አልነካም፤ ባይገባኝም እንኳ እንደተጻፈ ይቆያል። ዘጠኙን ቢቶች ከእሱ አስልቼ አሳያለሁ። ስሌቱ ሲያጠራጥረኝ ጠበብ ያለውን አሳያለሁ። አንድ ፕሮግራም ችሞድ ሲጠራ ደግሞ መጀመሪያ የጠየቀውን ካሳየሁት ጋር አስተያያለሁ። እኩል ከሆኑ ምንም አላደርግም። ኤዲተሩ ያየውን መልሶ ሲሰጠኝ ፈቃድ እየቀየረ አይደለም፤ ያየውን እየደገመ ነው። ያቺ አንዲት ማነጻጸሪያ በዚያን ቀን ብትኖር ኖሮ ፋይሉ አይገለጥም ነበር።

እኩል ካልሆኑና ዝርዝሩ ውስጥ በዘጠኝ ቢት የማይገለጽ ነገር ካለ፣ እምቢ እላለሁ። ኢረር እመልሳለሁ። ፋይል የሚገለብጠው ፕሮግራም ያማርራል፤ ያማርር። አንድ ሰው የግሌ ነው ያለው ፋይል ፍላሽ ላይ እንዳለ ፎቶ አይደለም። ዝም ብሎ መቀበል የሚፈልግ ሰው ማውንት ሲያደርግ ራሱ ይጠይቅ። ውሸቱን የመረጠው እሱ ይሁን፤ ድራይቨሩ አይምረጥለት።

ከዓመታት በኋላ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ድራይቨር ጻፍኩ፤ የዩኒክስን ዲስክ ለዊንዶውስ የሚያሳይ። በዚህ ጊዜ ከማንበብና ከመጻፉ በፊት የፈቃዱን ቴስት ጻፍኩ። 512ቱንም ሞዶች። አራት ሰዎች፤ የግሩፑ አባል የሆነ ባለቤት፣ አባል ያልሆነ ባለቤት፣ ተራ አባልና የውጭ ሰው። ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ፤ ታነባለህ? ትጽፋለህ? ታስኬዳለህ? 6144 ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ ዩኒክስ ከሚለው ጋር ይስተያያል። ከቀናት በኋላ ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ። ከወንበሬ ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት።

ከዚያ ፎልደር ላይ ሞከርኩ። ፎልደር ላይ የማስኬጃ ቢት ማለት የማለፍ ፈቃድ ነው። ከሌለህ ውስጡ ያለውን ፋይል ስሙን ብታውቅ እንኳ አትደርስበትም። ቴስቱ ለእያንዳንዱ ሰው በ256 ሞዶች ላይ ወደቀ። የማለፊያ ቢት በሌለባቸው በሁሉም ላይ። ዊንዶውስ በነባሪው ለሁሉም ሰው የማለፊያ ፍተሻን የመዝለል መብት ይሰጣል። ሙሉ መንገዱን የሚያውቅ ሰው መሃል ላይ ያሉትን ፎልደሮች ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል። የሚጠየቀው መጨረሻው ፋይል ላይ ነው። ዩኒክስ ላይ አንዲት የተዘጋች ፎልደር ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ትጠብቃለች። በእሷ ተማምኖ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች 644 አድርጎ የተወ ሰው ስንት ነው!

ይህን ለሁለት ሳምንት አሰላሰልኩት። በዊንዶውስ ልማድ ልተወው? አንዳንድ ፕሮግራሞች በዚያ ልማድ ይተማመናሉ። ድራይቨሩ ራሱ ይፈትሽ? ያኔ የዊንዶውስ ሰው የማይጠብቀው ክልከላ ያጋጥመዋል። ያቺ የጠፋች መስመር ትዝ አለችኝ። ዲስኩን የሠራው ሰው በሩን የዘጋው አስቦበት ነው። ስለዚህ ፍተሻውን ድራይቨሩ ውስጥ ጻፍኩት፤ በነባሪውም በርቶ እንዲጀምር አደረግሁ። ማጥፋት የሚፈልግ ያጠፋዋል።

ሲያጠፋው ድራይቨሩ ማውንት በሚያደርግበት ሰዓት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፍለታል። ከኮዱ ሁሉ ብዙ የደከምኩበት ይህ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ስድስት ጊዜ ቀያየርኩት። ቴስቱም በዚያ አኳኋን ሲሄድ 256ቱ በሮች መከፈታቸውን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ይህ መልእክት መውጣቱንም ያያል። እንዲህ ይላል፦ "እዚህ ዲስክ ላይ የተዘጋ ፎልደር ውስጡ ያሉትን ፋይሎች አይጠብቅም። እያንዳንዱ ፋይል የሚጠበቀው በራሱ ፈቃድ ብቻ ነው።"